ላሂንች የሚባል ሆስፒታል

«ላሂንች ነው አይደል ስሙ? እስቲ ስፔል አድርጊልኝ፣ ተናኜ።»

ኃይለመስቀል ስልኩን ከፍቶ አጠገቧ ተንበርክኳል። ተናኘወርቅ ጥቁር ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና ያልሰማች መሰለች። የባሏ የመክብብ ሠልስት ነው። በስደት በምትኖርበት በስማይርና ያለው ቤቷ ጋራዡ ሳይቀር በእድር ወንበር ተሞልቷል። ልቅሶ ደራሹ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የገባውም ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ካለ በኋላ ያችኑ ነገር ያነሣል። «አንቺስ ምን ቀረሽ! አየርላንድ ድረስ ወስደሽ አሳክመሽዋል።» ምስጋናው በበዛ ቁጥር እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ሰዉ ደግሞ ሐዘን ያጎበጣት እየመሰለው ይብሱን ያለቅሳል።

«የሰኞውን ኬሞ ካንስል አደርጋለሁ» አለ ኃይለመስቀል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኖርክሮስ ጎማ ቤት ያለው፣ ከመክብብ ጋር እንደ ወንድም የኖረ ሰው ነው። ሚስቱን ሄርሜላን የያዛት ካንሰር መክብብን የገደለው ያው በሽታ ነው። «እዚህ መድኃኒቱን በሰጧት ቁጥር ሳምንት ሙሉ ትተኛለች። መክብብ ግን ከዚያ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቲኬቱን ዛሬውኑ ቡክ ላድርግ። አንቺ ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«ቆይ፣ እነግርሃለሁ» አለች። ላሂንች የጎልፍ ሜዳ ነው እንጂ ሆስፒታል አይደለም።

መክብብ ከአየር ማረፊያ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ወገባቸውን ያመማቸው አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ፣ «ከእንግዲህ አይጠቅሙኝም» ብለው የጎልፍ ዱላዎቻቸውን ከነከረጢታቸው መኪናው ውስጥ ትተውለት ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መክብብን ከሣር ላይ የሚያነሣው አልተገኘም። ተናኘወርቅ «የሀብታም ጨዋታ ምን አገባህ?» እያለች ስታፌዝበት፣ «ምን የሀብታም ነው? የገና ጨዋታ እኮ ነው! ልጅ ሆነን ስናባርራት የዋልነው ሩር ናት፤ እዚህ ሣሩን ስላጨዱት ተወደደ እንጂ» ይላት ነበር።

ሐኪሞቹ «ያለንን ሁሉ ሞክረናል» ባሉት ዕለት፣ እሷ ጠበል ልትወስደው ስታስብ፣ እሱ መኪናውን ሳያስነሣ «አየርላንድ እንሂድ» አላት።

«እዚያ ምን አለ?»

«ባሊባንየን የሚሉትን ሜዳ ልየው። ላሂንችን ልጫወትበት። ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ ነው አሉ፤ ነፋሱ ኳሷን እንደፈለገ ይወስዳታል።»

«ሰዉስ ምን ይላል? ሞት ደጁ ቆሞ ኳስ ሊመታ ሄደ አይልም?»

«ለሕክምና ነው በያቸዋ!» ብሎ ሳቀ። «ሆስፒታሉም ላሂንች ይባላል።»

ከተመለሱ በኋላማ ቀልዱ ባሰበት። «ባሊባንየን መርምረው ወደ ላሂንች ላኩኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሮያል ካውንቲ ዳውን ወደሚባለው ሪፈር ተባልኩ» እያለ፣ የጎልፍ ሜዳዎቹን ሆስፒታል አድርጎ ለጠያቂው ሁሉ ሲተርክ፣ እሷ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፍና ትስቅ ነበር። ውሸቱ የሱ ነው፤ ሲሞት ግን ለሷ አውርሷት ሄደ።

«ኦኬ፣ እኔው ጉግል ላድርገው» አለ ኃይለመስቀል።

እጁን ለቀም አደረገችው። «ተው። ሆስፒታል አይደለም።»

«ክሊኒክ ነው?»

«የጎልፍ ሜዳ ነው፣ ኃይሌ። የሄድነው እሱ ጎልፍ እንዲጫወት ነው። እዚያ ያየው ሐኪም የለም፤ የዋጠው መድኃኒት የለም። የሱን ሕክምና እዚህ ያሉት ሐኪሞች ጨርሰው ነበር። የሄርሜላን ግን አልጨረሱም። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ የሰኞውን እንዳታስቀርባት!»

መጮኋን ያወቀችው ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። አንዷ ሴት የወረቀት ኩባያዋን ወደ አፏ ስትወስድ መልሳ አስቀመጠችው። ኃይለመስቀል ስልኩን አጠፋው። «እኔ እኮ... ተስፋ አገኘሁ ብዬ...» አለና ሳይጨርሰው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ተናኘወርቅ የፈራችው ግን እትዬ ዘውድነሽን ነበር። የመክብብ ታላቅ እህት ናቸው። ከክላርክስተን ከመጡ ጀምሮ ፍራሹ ጥግ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ በአልቃሽነታቸው የሚታወቁት ሴት ለገዛ ወንድማቸው አንዲት ስንኝ ሳያወጡ ሠልስቱ ደርሷል። ተናኘወርቅም ዝምታቸውን ወቀሳ ነው ብላ ነበር።

«ጎልፍ የምትዪው ምንድን ነው?» አሉ።

«በዱላ ኳስ የሚመቱበት ነው፣ እትዬ።»

«ገና ነዋ!»

«እሱም እንደሱ ነበር የሚለው።»

«እና ሳቀ? ንገሪኝ እስቲ፤ እዚያ ሄዶ ሳቀልኝ?»

ተናኘወርቅ ቀና አለች። ባሊባንየን ሲደርሱ ከመጀመሪያው ኳስ መምቻ ቦታ ጎን የመቃብር ቦታ እንዳለ፣ እሷ ደንግጣ ፊቷን ስታዞር መክብብ ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን አደራችሁ! እኔ እንኳ ትንሽ እቆያለሁ» ብሎ ለመቃብሮቹ እጅ እንደነሣ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ደግሞ አጣሞ ወደነሱው እንደላካት ነገረቻቸው። ላሂንች ስላሉት ፍየሎችም አወራች። ወደ ክለቡ ቤት ሲጠጉ ዝናብ ይመጣል ይባላል፤ ያን ቀን ፍየሎቹ ተጠግተው ሳለ መክብብ «ፍየል ምን ያውቃል!» ብሎ ወጥቶ ዝናብ እንደመታት ድመት በስብሶ ተመለሰ። ጥግ ላይ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

«እዚያው አንድ ቦታ አለ» አለች። «ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ከኮረብታ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። ኮረብታው ላይ ነጭ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ በሱ አቅጣጫ አምኖ መምታት ነው። ‹ውጪና እይልኝ› አለኝ፤ ወጣሁ። መታት። ኳሷ በላዬ አልፋ ጉድጓዱ ላይ ከተተከለው ባንዲራ አጠገብ አረፈች። ብጮህ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ‹ደርሳለች› ለማለት ነጠላዬን አውልቄ አወዛወዝኩለት። ያኔ ታች እንደ ሕፃን ሲዘል አየሁት። እትዬ፣ ያን ቀን ያሳየኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ። ዛሬም አመሰግነዋለሁ።»

እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። «በሉ ዱላውን አምጡልኝ» አሉ።

እሳቸው ባደጉበት አገር ሰው ሲሞት ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ፈረሱ ሳይቀር ልቅሶው መሐል ይወጣል፤ አልቃሽ ሙያውን የምትዘረዝረው ያንን ይዛ ነው። ለካ እስከ ዛሬ ዝም ያሉት ለወንድማቸው የሚያወጡለት ዕቃ ጠፍቷቸው ነው። ከረጢቱ ከጋራዥ መጣ። ረጅሙን ዱላ መዘዙና በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡት፦

«ገና መቺው ወንድሜ ባሕር የተሻገረው፣
ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ኳስ ያባረረው።»

ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልተሰማም።

ሲበርድ ኃይለመስቀል ተነሣ። «ሄርሜላ ባሕር አሳየኝ እንዳለችኝ ነው» አለ። «ሥራ፣ ሥራ እያልኩ...»

«ባሕር ያለባት ሳቫና እኮ አራት ሰዓት ብትነዳ ነው» አለችው ተናኘወርቅ። «የሰኞውን ትጨርስና ሲሻላት ይዘሃት ሂድ።»

«እሺ» አለ። ጫማውን እያጠለቀ ሚስቱ ጋ ሲደውል ተሰማ። «ሄሪዬ፣ ሰኞ እኔ ነኝ የምወስድሽ።»

እትዬ ዘውድነሽ ዱላውን ከመክብብ ፎቶ ጎን አስደግፈው አቆሙት። ተናኘወርቅ ዱላውን አየች፤ ፎቶውን አየች። ከዚያ ከፍራሹ ተነሣችና ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ አወዛወዘችለት።