ጋዝ አያልቅም

ብርዴ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ለጥገና የመጣውን ማቀዝቀዣ ሁሉ እየከፈተች እጇን ስለምትከት። አሁን የእሱ ጉልበት መሰላል አልወጣም ብሏል። የኤሲና የማሞቂያ ጥገና ሱቁ የሚሠራው በእሱ ፈቃድ ነው፤ እሱ ሲያቆም ሌላ ባለፈቃድ ከሌለ ሱቁ ይዘጋል። ስለዚህ የፈቃዱን ፈተና ማለፍ ያለባት ብርዴ ናት።

የጽሑፉን አልፋዋለች። የወደቀችው በተግባሩ ነው፣ ያውም በአንድ ቃል። መዛኙ "ኤሲው ለምን አላቀዘቀዘም?" ሲላት፣ "ጋዙ አልቆ ነዋ!" ብላ ከሲሊንደሩ ልትሞላ ቱቦ ዘረጋች። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ።

"ጋዝ እንደ ስኳር አያልቅም፤ ሾልኮ ነው። ቀዳዳውን ሳታገኚ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው" ብሎ አሰናበታት።

"ጋዝ አልቋል" የአጎቷ ቃል ነው። እሱ እንኳ ለደንበኛ አጠር ስለሚልለት ይለዋል እንጂ ቀዳዳውን ሳይደፍን ሞልቶ አያውቅም። እሷ ቃሉን ወርሳ ፍለጋውን ተወችው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ "አለቀ" ማለት ክልክል ሆነ።

"ሳሙና አለቀ!" ትላለች እናቷ ከመታጠቢያ ቤት።

"አላለቀም እማ! የት ሄደ?"

"ገላዬ ላይ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ልታሳብጂኝ ነው?"

አጎቷ ከሶፋው ላይ ይቀበላል፦ "የኔም ጉልበት አላለቀም በሉኛ። ሾልኮ ነው።"

በድጋሚው ፈተና ዋዜማ ግን ቀልዱ ጠፋው። "ብርዴ፣ አሁንም ከወደቅሽ አለቀልን" አላት።

"ጋሼ፣ ያን ቃል ተው ብዬህ ነበር" አለችው እየሳቀች።

ያው መዛኝ፣ ያው መነጽር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኤሲ ሞቃት አየር ይተነፍሳል። መለኪያዋን ገጠመች፤ ግፊቱ ወርዷል። ሙሉው ሲሊንደር አጠገቧ "ክፈቺኝ" የሚል ይመስላል። ዞር ብላም አላየችው። የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይዛ የቱቦ መገጣጠሚያዎቹን ቀባች። ምንም የለም።

"እህስ? ጋዙ ምን ሆነ?" አለ መዛኙ።

"አለ..." ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

"ሾልኳል። በየት በኩል እንደሆነ ራሱ ይነግረኛል።"

"ካልነገረሽስ?"

"ይነግረኛል። እርስዎ ብቻ አይቸኩሉ።"

ከማሽኑ ጀርባ ቱቦው በስፖንጅ ተጠቅልሏል። ጥሩ አድርጎ የጠቀለለው ሰው ተንኮለኛ መሆን አለበት። ፈታችውና ከስር ተደብቆ ያገኘችውን የመገጣጠሚያ ዳዶ አረፋ ቀባችው። አንዲት ፊኛ ተነፋች፣ ፈነዳች፤ ሌላ ተተካች።

"ይኸው፣ ተናገረ" አለች።

የተረፈውን ጋዝ ሰበሰበች፤ የተሰነጠቀውን የቱቦ አፍ ቆርጣ እንደ አዲስ አበጀችው፤ ዳዶውን አጠበቀች። መሹለኩ መቆሙን ልታይ ቱቦውን በናይትሮጅን ነፍታ ዳግም አረፋ ቀባች፤ አረፋው ዝም አለ። ውስጡን በፓምፕ መጥጣ ባዶ ካደረገች በኋላ ነው ሲሊንደሩን የከፈተችው። መዛኙ ጥቂት ቆየና ኮቱን ቆለፈ።

"በረደኝ" አለ። "ፈቃዱ በስምሽ ይወጣል።"

አጎቷ በር ላይ ከዘራውን ተደግፎ ይጠብቃል። ፊቷን ሊያነብ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"እህ፣ አለቀልን?"

"ጋሼ፣ እኛ ስኳር ነን እንዴ?"