ምድቡ ሲሰፋ

ኳሷ ከሜዳው ወጥታ ቁልቁለቱን ስትንከባለል ተጫዋቾቹ እንደለመዱት ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። የላሊበላ ትምህርት ቤት ሜዳ በአንድ በኩል ተረተር ስለሆነ፣ ኳስ ያወጣ ራሱ ወርዶ ያመጣል የሚል ሕግ ነበራቸው። የስፖርት መምህሩ ውባንተ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲጠብቅ፣ የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ጓድ ጋሻዬ በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ አየው።

"ሰብስባቸው!" አለ ጋሻዬ ገና ከሩቅ። "የምሥራች ይዣለሁ።"

ልጆቹ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ከበቡት።

"የምትጫወቱበት ምድብ ሰፍቷል" አለ። "ከእንግዲህ የምትጋጠሙት ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከቆቦ ትምህርት ቤቶች ጋር ነው። ሌላም አለ። ቴሌቪዥን ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ውል ገብቷል። የመጀመሪያውን ግጥሚያ መጥቶ ይቀርጻል። እናንተ ከወልዲያ፣ የፊታችን እሑድ፣ እዚያው ወልዲያ!"

ሜዳው በጩኸት ተሞላ። አምበሉ የሻው ብቻ አልጮኸም። ዞሮ ውባንተን ተመለከተ። የፊታችን እሑድ ገነተ ማርያም ሄደው ከዚያው ትምህርት ቤት ጋር የዋንጫ ጨዋታ እንደሚጫወቱ ሁለቱም ያውቃሉ።

ውባንተ ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀ።

"እሑድ እኮ ቀጠሮ አለን" አለ። "ከገነተ ማርያም ጋር ቀን ከቆረጥን ቆየን። የወልዲያውን በሚቀጥለው ሳምንት ማድረግ አይቻልም?"

"ቀኑን የቆረጠው ቴሌቪዥኑ ነው። ካሜራው ሰኞ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።"

"ገነተ ማርያምስ? ምድቡ ውስጥ የለም?"

"መኪና በቅጡ በማይደርስበት ማን ካሜራ ይተክላል?" አለ ጋሻዬ። በክፋት አልነበረም፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ስለታየው ነው። "የኮን ትምህርት ቤትም ወደ ሌላ ምድብ ሄዷል። ሦስታችሁ ስትጫወቱት የነበረው ጥሩ ነበር፤ ለመነሻ ያህል። አሁን ግን አደጋችሁ።" ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባለቤትህ ወልዲያ አይደለች? አሠልጣኙን ቃለ መጠይቅ ያደርጉታል። ሰው ሁሉ ካየህ በኋላ የዝውውርህን ነገር እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። እዚያ የስፖርት መምህር ይፈልጋሉ።"

ውባንተ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ባለቤቱ ስሜነሽ ወልዲያ ሆስፒታል ነርስ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ አብረው የኖሩት በየክረምቱ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሊሰናበታት ሲነሳ፣ ልጃቸው ይማርሽ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ "ሰውዬው ሄደ?" ብላ ጠይቃ ነበር። ስሜነሽ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም።

የሦስቱ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ የተጀመረው በራሱ በውባንተና በገነተ ማርያሙ መምህር በተክለ ሚካኤል ሐሳብ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ክፍል ነበሩ። ዋንጫው ከበሬ ቀንድ የተሠራ እውነተኛ ዋንጫ ነበር፤ ያሸነፈ ትምህርት ቤት ጠላ ይጠጣበታል። የኮን ልጆች ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ለምነው፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይመጡ ነበር። የገነተ ማርያሞቹ በእግራቸው ይመጣሉ። ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ሲከራከርበት ይከርማል።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ውባንተ ረፋዱ ላይ ወደ ገበያው ወጣ። ተክለ ሚካኤል እንደማይቀር ያውቅ ነበር። ገመድ ሻጮቹ ዘንድ አገኘው፤ የገመዱን ጥንካሬ በሁለት እጁ እየሳበ ይፈትናል።

"ለጎሉ ነው" አለ ተክለ ሚካኤል ሰላምታውን እንደጨረሱ። "ዘንድሮ መረብ እንሠራለን ብለው ልጆቹ አስቸገሩኝ። አያ አለሜ ደግሞ ያን ሰፊ ማሳቸውን እስካሁን አላረሱትም። 'ልጆቹ ይጫወቱበትና ሰኞ በሬ እጠምዳለሁ' አሉ። ድንጋዩን ለቅመን ጨርሰናል። ለአስተርእዮ ማርያም የመጣው እንግዳም ጨዋታውን ሳናይ አንሄድም ብሎ ተቀምጧል።"

 ውባንተ ሁሉንም እንዳለ ነገረው፤ ምድቡን፣ ውሉን፣ ካሜራውን፣ የጋሻዬንም ቃል። ተክለ ሚካኤል ገመዱን እየጠቀለለ ሰማው።

"ላሊበላ ቴሌቪዥን አለ እንዴ?" ሲል ጠየቀ በመጨረሻ።

"የለም።"

"እንግዲያ ልጆቹን ማን ያያቸዋል?"

"ደሴ ያለ ሰው። አዲስ አበባ ያለ።"

"ይሁን። እናቶቻቸው ባያዩዋቸው የማያውቃቸው ሰው ይያቸው።" ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። "አልቀየምህም። የሻውን የመሰለ ልጅ እዚህ ገደል ለገደል ሲሮጥ መቅረት የለበትም። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ከተመረጠ ከምልመላው ይተርፍ ይሆናል።"

ይኼንኑ የየሻው እናት አሰለችም ለውባንተ ነግራው ነበር። በዚያ ዓመት በየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ስም መነሳት ጀምሯል። "አሳይልኝ ልጄን፣ የኔ ጌታ" ብላ ጠዋት በሩ ድረስ መጥታ ለምናዋለች።

"ስሜነሽም ብቻዋን ልጅ ይዛ..." አለ ተክለ ሚካኤል። "ሂድ። እኔም ብሆን እሄድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አያ አለሜን ማን ይንገራቸው? አንተ ትመጣለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?"

ውባንተ የገመዱን ጫፍ ይዞ ሳብ አደረገው።

"ገመዱን ግዛ" አለ።

"ለምን?"

"ዝም ብለህ ግዛው።"

እኩለ ቀን ላይ ውባንተ ሲመለስ፣ ልጆቹን ወልዲያ የሚያደርሰው አይፋ የጭነት መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይንደቀደቃል። የተመረጡት ልጆች ከኋላ ተጭነው ይዘፍናሉ። ያልተመረጡት አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። ጋሻዬ የጋቢናውን በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

"ቶሎ በል፣ ጓድ ውባንተ! ሳይመሽ ጋሸናን ማለፍ አለብን።"

ውባንተ ወደ መኪናው ሄደና ወደ ላይ አንጋጦ "የሻው፣ ውረድ" አለ።

የሻው ደንግጦ ወረደ። ከጉዞው የቀረ መስሎት ነበር።

"ጋቢና ግባ። ጓድ ጋሻዬ አጠገብ ትቀመጣለህ። በጨዋታው መሐል ቢደክማቸው ማንን በማን እንደምትቀይር ታውቃለህ። የቴሌቪዥን ሰዎቹ የሚጠይቁ ከሆነም አንተ ተናገር።"

"እርስዎስ መምህር?"

"እኔ ገነተ ማርያም ቀጠሮ አለኝ።"

ጋሻዬ የያዘውን በር ለቀቀ።

"ምን ማለትህ ነው? አሠልጣኙን ነው የሚፈልጉት። ስምህ ተልኳል። ይህ በቸልተኝነት እንደሚቆጠር ታውቃለህ?"

"ቡድኑ ሙሉ ነው፣ ጓድ ጋሻዬ። የጎደልኩት እኔ ነኝ።"

"ዝውውሩስ? ከዛሬ በኋላ እኔ አፌን አውጥቼ ስለ አንተ ልናገር?"

"አላውቅም" አለ ውባንተ። እውነቱን ነበር። የመኪናውን ጎን ያዘ። ከጨዋታው በኋላ ስሜነሽ ቤት ሊበላ ያሰበው እራት፣ ይማርሽ ቀስ በቀስ ስትለምደው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው። ያም ሆኖ እግሩን ወደ ጋቢናው አላነሳም።

ጋሻዬ ራሱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ወጣ። የሻው በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"እትዬ ስሜነሽ ሜዳው ላይ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?"

"ቃል ነበረው በላት። ለፋሲካ ይመጣል በላት።" ትንሽ አሰበ። "ልጅቷንም ብድግ አድርገህ ልጆቹን አሳያት፤ ሲጫወቱ ትያቸው።"

መኪናው አቧራውን እያስነሳ ሄደ። ዘፈኑ ከተራራው ኋላ እስኪጠፋ ውባንተ ቆሞ ሰማው። ከዚያ አጥሩን ወደተደገፉት ልጆች ዞረ። ከምርጫው የቀሩ ተጫዋቾች አሉ፤ ለማየት የወጡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችም አሉ። አንዱ እግር ኳስ ተጫውቶ አያውቅም፣ ግን ቁመታም ነው።

"ዛሬ ገነተ ማርያም እናድራለን፤ ነገ እንጫወታለን" አላቸው። "የሚመጣ ለቤቱ ነግሮ ቶሎ ይመለስ።"

ለቤቱ ሳይነግር የቀረም ያለ አይመስልም፤ ሁሉም ሮጡ፣ ሁሉም ተመለሱ። ዳገቱን ሲያያዙት ቁመታሙ ልጅ ከኋላ ደርሶበት እያለከለከ ጠየቀው።

"መምህር፣ የምናሸንፋቸው ይመስልዎታል?"

"አይመስለኝም" አለ ውባንተ። "ጠንካሮች ናቸው። እርምጃችሁን ጨምሩ፣ ሳይመሽ አያ አለሜ ደጅ እንድረስ።"