ደም የነካው ሣር

መምህር ክብሩ አንድ የሙዝ ግንድ በአንድ ምት ገምሶ የገጀራውን ስለት ፈተሸ። ጥሩ ይቆርጣል። የጠዋቱ ጠመኔ ከጣቶቹ ላይ ገና አልለቀቀም።

"እንሂድ!" አለ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎረምሶች ዱላና ገጀራቸውን ይዘው ተከተሉት።

ከሁለት ሰዓት በፊት ታናሽ ወንድሙ ክንፉ የመስኖውን ውሃ ወደ ሙዝ ማሳው ሊመልስ ሲል ጎረቤቱ ሽበሺ "ተራው የኔ ነው" ብሎ ቦዩ ላይ ቆመበት። ነገር ነገርን ወለደ፣ አካፋ ተነሳ፣ በመጨረሻም የሽበሺ ገጀራ የክንፉን ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ቆርጦ ቦዩ ውስጥ ጣለው። ክንፉን ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ከተማ ሲያከንፉት እጁን ውሃው ወስዶት ነበር። ሦስት ማሳ አልፎ አገኙትና በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ላኩት። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ስልኩ ሲጠራ ክብሩ አርባ ምንጭ፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ስለ ሐሙራቢ ሕግ እያስተማረ ነበር። "ዐይን ስለ ዐይን" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። "አባቱን የመታ ልጅ እጁ ይቆረጣል" የሚለውን ሲጨምርበት ተማሪዎቹ እጃቸውን ከዴስክ ሥር እየደበቁ ተሳሳቁ። ሄራን የምትባል ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

"ቲቸር፣ ንጉሡ ሕጉን ከፀሐይ አምላክ ተቀበልኩ ያለው ለምንድን ነው?"

"የንጉሥን ሕግ ሰው ዘበኛ ከሌለ ይጥሰዋል። ከአምላክ ነው ከተባለ ግን ማንም በማያየው ቦታም ይፈራዋል።"

"እኛ ጋስ እንደዚያ ያለ ነገር አለ?"

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ነው ስልኩ የጠራው። አሁን ከዚያ ሁሉ ትምህርት አእምሮው ውስጥ የቀረው እጅ ስለ እጅ የሚለው ብቻ ነበር።

መንገዳቸው ላይ ያገኙትን የሽበሺን ሙዝ ሁሉ ጨፈጨፉት። ታስሮ የሚግጥ ወይፈን ቋንጃውን ተመትቶ ወደቀ፤ ማን እንደመታው እንኳ አልታወቀም። የሽበሺ ቤት ጋ ሲደርሱ ድንጋይ በቆርቆሮው ላይ ዘነበ፤ ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ።

በሩ ፊት ለፊት፣ ከቦዩ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ተንበርክከዋል። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። የክብሩና የክንፉ አባት፣ ሀላቃ ሀብተሚካኤል ናቸው።

ሀላቃነቱን የተሾሙት በጨንቻ ደጋ ነው። ሸንጎው በሚሰበሰብበት ዱቡሻ ላይ የሰው ነገር ሲዳኙ ነው ያረጁት። በዚህ አገር ሣር ከፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው እዚህ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የሚያልፈው የለም። ያለፈ ሰው ጎሜ ያገኘዋል፤ ከብቱ ያልቃል፣ ዘሩ ይነጥፋል ይባላል።

"አባ፣ ይነሡ" አለ ክብሩ። "ልጅዎ እጁን አጥቷል።"

"አውቃለሁ። ደሙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለሽበሺ ይንበረከካሉ?"

"ለሽበሺ አይደለም፤ ላንተ ነው። ተመለስ፣ ልጄ።"

የአጎቱ ልጅ ገነነ ከኋላ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነው፤ ዛሬ ግን ዱላ ይዟል። "ጋሼ፣ ጎሜ የድሮ ሰው ፍርሃት ነው! እኛን ጌታ ነጻ አውጥቶናል። እለፋቸው!"

ክብሩም ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ጎሜን አይፈራም። አባቱን ግን ይፈራ ነበር። ዛሬ ዐይኑ ደም ለብሷልና እሳቸውንም አልፈራ። ትከሻቸውን ይዞ ገፈተራቸው።

የሽማግሌው ግንባር ከቦዩ የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ሲላተም ድምፁን ሁሉም ሰማው። ደሙ በአፍንጫቸው ላይ ወርዶ በሣሩ ላይ ተንጠባጠበ። ከጎረምሶቹ አንድም እግሩን አላነሳ፤ ገነነ እንኳ አፉን ያዘ።

ሀላቃ ሀብተሚካኤል በክርናቸው ተደግፈው እንደገና ተንበረከኩ። በእጃቸው ያለውን አዩት።

"ይሄ አይሆንም" አሉ ቀስ ብለው። "ደም የነካው ሣር አያስታርቅም። እርጥብ ሣር አምጡልኝ።"

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሽበሺ ወጣ። በክብሩ ፊት በርከክ ብሎ ቀኝ እጁን በእንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ዘረጋ።

"በኔ ምክንያት ሀላቃ አይሞቱም" አለ። "እጅ ነው የምትፈልገው አይደል? ቁረጥና ልጆቼን ተዋቸው።"

"ጋሼ፣ በለው!" አለ ገነነ።

ክብሩ ገጀራውን አነሳ። የሽበሺ ጥፍሮች ውስጥ የቦይ ጭቃ አለ፤ የክንፉም ጥፍር ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር። ሊመታ ሲል መያዣውን የጨበጠው የራሱ እጅ ታየው። አባቱን የገፈተረው ይኸው እጅ ነው። ጠዋት ሰሌዳው ላይ በዚሁ እጅ የጻፈው ትዝ አለው፤ ተማሪዎቹ እጃቸውን እንዴት እንደደበቁም። ሕጉ ሕግ ከሆነ እዚያ ጉቶ ላይ የሚዘረጋው የሽበሺ እጅ ብቻ አልነበረም። እፍረት እንደ ትኩሳት ፊቱን አቃጠለው።

"ገነነ" አለ ዞር ሳይል፣ "መንገድ ልቀቅልኝ።"

ሽበሺን እንደተንበረከከ ትቶት ወደ ቦዩ ሄደ። ውሃው ዳር ከበቀለው ሣር አንድ እፍኝ በግራ እጁ ጨበጠና በገጀራው ከሥሩ ቆረጠው። ገጀራውን ውሃው ውስጥ ጣለ። ተመልሶም ሣሩን በሁለት እጁ ለአባቱ ሰጣቸውና፣ ጎረምሶቹን ፊት ለፊት እያየ፣ ከአጠገባቸው ተንበረከከ።