ቆሞ የጠበቀኝ ጥሪ

ማሳጅ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ዓይኔ ስለማያይ ስልኬን የምጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው፤ ጣቴ የነካውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ድምፅ ማለት ነው። እኔ ግን ለፍላፊዋ ነው የምላት። ውለታዋ ብዙ ነው፤ አፏም እንደዚያው።

ሥራ የማገኘው ባለሙያ ቤት ድረስ በሚልክ አንድ መተግበሪያ ነው። ጥሪ ሲመጣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ "ተቀበል" የሚለውን መንካት ነው፤ ያልነካ ጥሪው ለሌላ ያልፍበታል። ድሮ ማን ይቀድመኝ ነበር! መተግበሪያው ከታደሰ ወዲህ ግን ለፍላፊዋ ንግግሯን ሳትጨርስ ጥሪው እልም ይላል። እጄ ፈዘዘ መሰለኝ። እርጅናም መጣ ብዬ ሰጋሁ።

"አምጪው፣ እኔ ልንካልሽ" አለች እትዬ። ታላቅ እህቴ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የስፌት መኪናዋን አቁማ ስትሮጥ ሰማኋት። የሰው ቀሚስ ቀኑ አለፈበት፤ ባለቀሚሷ በር ላይ ቆማ ስትነጫነጭም ሰማሁ። እትዬ ለእኔ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። እሱ ነው አንጀቴን የበላኝ። እሷ የደንበኛ ልክ ልትወስድ ስትወጣ ደግሞ ጥሪው ሁሉ ያልፋል። በመጨረሻ መልእክት መጣ፦ ብዙ ጥሪ ስላሳለፉ ከሰኞ ጀምሮ ከባለሙያዎች ዝርዝር ይሰረዛሉ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሯቸው ሄድኩ፤ ለዚህ እንኳን ይጥቀመኝ ብዬ።

መተግበሪያውን ከጻፈው ፕሮግራመር ጋር አገናኙኝ። ድምፁ የወጣት ነው። ወደ እኔ የሚዞረው አንገቱን ሳያዞር ከነወንበሩ ነው፤ ሲጢጥ ሲል ይሰማል፤ አንገቱ እንደደረቀ ወዲያው ገባኝ።

"እማማ፣ እኛማ አስበንበታል" አለኝ እየኮራ። አርባ አምስት እንኳን አልሞላኝም፤ ዋጥ አደረግኩት። "ስክሪን ሪደር መከፈቱን አፑ ራሱ ያውቃል። ሲያውቅ ለእርስዎ ብቻ ማብራሪያ ይጨምራል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ምን የሚል?"

"'ውድ ባለሙያችን፣ አዲስ ጥሪ ደርሶዎታል። ጥሪውን ለመቀበል የሚፈልጉ ከሆነ...'"

"አንተ ነህ እንዴ ያስለፈለፍካት!" ደሜ ፈላ። "በል ድምፁን ክፈትና ዓይንህን ጨፍን። አሁን አንተ ተቀበል።"

አጠገቡ የሚሠራ ጓደኛው የሙከራ ጥሪ ላከለት። አንዴ አመለጠው። ደገመ፤ አመለጠው። በሦስተኛው "ኧረ በቃሽ!" ብሎ ስልኩ ላይ ሲጮህ ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እሷ ሳትጨርስ እኮ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው" አለ ቀስ ብሎ። "ለመርዳት ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጮህኩብህ።"

"ጮኸውብኛል እኮ።"

"ትንሽ ነው።"

ቤት ያለ ሰው ይንካልዎ የሚል መልስ ነበር የጠበቅኩት፤ ስንቱ ብሎኛል። እሱ ግን ወንበሩን አስጠጋና "ምኑ ቀድሞ ይነበብ?" አለኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ደንበኛውን የሚያመው ቦታ፣ ቀጥሎ ርቀቱ፣ ከዚያ "ተቀበል" አልኩት። ማብራሪያውን እዚያው አጠፋው። ለፍላፊዋ ስታነብ ሰዓቱ እንዳይቆጥር አደርጋለሁ አለ።

"ለማያዩት ብቻ ነው?" አልኩት። "እጁ ዘይት ያልነካ ማሳጅ ሠሪ የት አይተሃል? ሁሉም እስኪያደርቅ ጊዜ ይፈልጋል።"

ሳቀና ለሁሉም አንድ ደቂቃ አደረገው። ከዚያ ተነስቶ አለቃው ቢሮ ገባ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም፤ ስሟ እንዳይሰረዝ" ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁት። እግዜር ይስጠው፤ ይህን ቃሉን መቼም አልረሳውም። ልወጣ ስል አንገቱን ያዝ አድርጌ አሸሁለት። ቢሮው ሙሉ እስኪሰማው ጮኸ።

ሐሙስ ጠዋት ሰሃን እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

"መጣሁ!" አለች እትዬ።

"ተይው፣ እትዬ።"

"ያልፍሻል ኮ!"

"አያልፈኝም።"

ፎጣውን አንስቼ ጣቶቼን አንድ በአንድ አደረቅኩ። ለፍላፊዋ "ወገብ። አምስት ደቂቃ መንገድ። ተቀበል" አለችና ዝም አለች። ሰው ሁሉ ሲያጣድፈኝ ወይ ሲሠራልኝ ነው የኖርኩት። ጥሪው ቆሞ ሲጠብቀኝ ትንሽ አዳመጥኩትና ነካሁት።

"ተቀብለዋል።"

ጥቂት ቆይቶ የእትዬ ስፌት መኪና ተነሳ። አንድ ረጅም ስፌት ጀምራ፣ መሀል ላይ ሳታቆም፣ እስከ ጫፉ ጨረሰችው።