አርባ ሁለተኛው ስም

ከተማችንን በስሟ አልጠራትም። ጥፋቱ የጥቂቶች ነው፤ ሕዝቧን ምን አድርጎኝ አሳፍረዋለሁ? ወሎ ውስጥ ናት፤ ይበቃል። በባድመው ጦርነት አርባ ሁለት ልጆቿን ሰጠች። ጦርነቱ ካለቀ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሐውልት ላቁምላቸው አለች። የሠራው የሆቴል በር ላይ የሲሚንቶ አንበሳ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ፎቶው እኛ ያለንበት፣ ሳዑዲ፣ ደማም ሲደርስ አየሁት። ወታደሩ ጠመንጃውን ቁልቁል ጨብጦ በርበሬ የሚወቅጥ ይመስላል፤ ፊቱም ገና አንበሳነቱን አልተወም።

"እንዴት ነው?" አለኝ ባሌ ሙሜ።

"ርቦታል" አልኩት።

መሪማ እባላለሁ። አል ነኺል ሰፈር ባንድ ቪላ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ሙሜ የዚያው ቤት ሾፌር ነው። ምላስሽ ክፉ ነው ይሉኛል። ክፉ እያየ ጣፋጭ የሚናገር ምላስ ያለው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

የደማምና የኾበር ያገራችን ልጆች የሐውልቱን የስም ሰሌዳ እኛ እናሠራለን ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሊቀመንበሩ ዘይኔ ነው፤ መጋረጃ ቤት ውስጥ የሠራተኞች አለቃ። ዘይኔ "ጀግኖቻችን" ሳይል ውሃ አይጠጣም። ምልመላው ሲጀመር ግን በየመን በኩል ባሕር ለመሻገር የቀደመው አልነበረም። መሸሹን አልነቅፍበትም፤ ነፍስ ጣፋጭ ናት። የሸሸ ሰው ቆመው ለቀሩት ሲያለቅስ ግን መሐረብ አላቀብልም። ጸሐፊው ሙሜ ነው፤ እሱም የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር እንጂ የሚናገረው ኖሮት አይደለም።

የስም ዝርዝሩ ካገር ቤት የመጣ ዕለት ስብሰባው እኛ ክፍል ሆነ። ሙሜ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሶ ማንበቡን አቆመ። ሰዓድ ይላል፤ የጀነት ወንድም።

ጀነት ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አገሯን አልረገጠችም። ሰዓድ የዘመተው እሷ ከመጣች በኋላ ነው። መሞቱን እናታቸው የተረዱት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለሷ ግን አልተነገራትም። የኛ ሰው ደንብ ነው፤ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? ማዳሟ ዕቃ እጠቢ ትላታለች እንጂ ሐዘን ተቀመጪ አትላትም። ስለዚህ "ድንበር ላይ ነው፣ ስልክ የለም" ስትባል ኖረች። እኔም እያወቅሁ ብያታለሁ።

"ሰሌዳው ወዳገር ቤት ከመጫኑ በፊት በኢድ ማግስት ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳር ይመረቃል" አለ ዘይኔ ጢሙን እያሻሸ። "ጀነት ትመጣለች። ማንበብ ታውቃለች። አሸዋው ላይ ወድቃ ብትቀር ተጠያቂው ማን ነው?"

"አንተ ነህ። ስለዚህ አስቀድመህ ንገራት" አልኩት።

"መርዶ በደንቡ ነው የሚነገር። አገሯ ስትገባ፣ በማለዳ፣ በዘመድ መሀል።"

"እስከዚያስ?"

ወንዶቹ ተያዩ። መላውን ያገኘው ያው ዘይኔ ነው። "ስሙን ለጊዜው እንተወው" አለ። "አላህ ያውቀው የለ?"

ለጊዜው! ድንጋይ ላይ ለጊዜው ይጻፋል? ብድግ ብዬ ጮህኩባቸው። ሙሜ "ድምፅሽን ቀንሺ፣ ማዳም ትሰማለች፣ ሙሽኪላ ታመጪብናለሽ" አለኝ። ቀነስኩ። የኔም ጀግንነት እስከዚያው ነው።

ሰሌዳው ደማም ውስጥ ካለ እብነ በረድ ቤት ተቀርጾ መጣ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ፓኪስታናዊው ጠራቢ ፊደላችንን ሳያውቅ አንዲት ፊደል አልሳተም፤ ስሕተቱን ለኛ ትቶልናል። ከአርባ አንዱ ስም ሥር፣ አንድ ስም በጎደለበት ቦታ፣ "የኮሚቴው ሊቀመንበር ዘይኔ" ይላል፣ ከሟቾቹ ስም በወፈረ ፊደል። "ባዶ ከሚቀር ብዬ ነው" አለ። ያገሬ ሰው የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ ይላል። ዘይኔ እርግጥ ማንንም አልገደለም፤ ለመግደል መጀመሪያ ጦር ሜዳ መድረስ ያስፈልጋል።

በኢድ ማግስት ጀነትን ከኾበር ይዘናት ወጣን። ሙሜ ይነዳል፤ እኔና እሷ ከኋላ ተቀምጠናል። እጇን ሒና ተቀብታለች። ከተማውን አለፍ እንዳልን እጄን ያዘችኝ።

"መሪማ፣ ዛሬ እገላገላለሁ" አለች። "የሰዓድ ስም ካለበት ሞቷል። ከሌለበት አለ። ስለሱ ስጠይቃት የእናቴ ድምፅ ይለወጥብኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ስልክ የማይደርስበት ድንበር የት ነው? ሰው ሊዋሸኝ ይችላል። በሟቾች ድንጋይ ላይ ግን ማን ይዋሻል?"

የያዘችኝን እጇን አየሁ፤ እሷ ቀጠለች።

"ለማዳም ነግሬያታለሁ። ሞቶ ከሆነ ኸላስ፣ ኹሩጅ ወጥቼ፣ ጠቅልዬ እናቴ ዘንድ እገባለሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ ብቻዋን ናት። ካለ ግን እሱ ይጦራታል፤ እኔ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ። ቅዳሜ አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ የውሉን ወረቀት ያስፈርመኛል።"

ሙሜ በመስታወቱ አየኝ። አፍሽን ዝጊ የሚል ዓይን ነው። ሰው ሳላማ የማልውለው ሴትዮ ያን ቀን ታዛዥ ሚስት ሆንኩና በመስኮቱ ባሕሩን ማየት ጀመርኩ።

ዘይኔ ሰሌዳውን ከሱቁ ባመጣው መጋረጃ ሸፍኖታል፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ነው። ነፋሱ ሊገልጠው ሲታገል ሁለት ሰው መጋረጃውን እያስያዘ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ስለ ደም ተናገረ፣ ስለ አጥንት ተናገረ፣ ከዚያ ስለ ራሱ ተናገረ። በመጨረሻ ገለጠው።

ጀነት ጫማዋን አውልቃ ቀረበች። ጣቷን ስሞቹ ላይ እያስኬደች ከላይ እስከ ታች አነበበች። እንደገና ከታች ወደ ላይ አነበበች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው።

"የለም! ወንድሜ የለበትም! አልሐምዱሊላህ!"

አሸዋው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ዙሪያዋን የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንድም የማያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ አብረዋት እልል አሉ።

ዘይኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አየሽ? ደስ አላት" አለኝ። ወላሂ ያን ድንጋይ አንስቼ ራሱ ላይ ብጥለው በወደድኩ፤ ግን ለአራት ሰው የሚከብድ ነው።

ጀነት በሕይወት ካለ በግ አርዳለሁ ብላ ተስላ ኖሯል። ስለቷን ለዓርብ ቀጠረች፤ የዘይኔ ሳሎን ሰፊ ስለሆነ እዚያ ይሁን ተባለ። እስከዚያ ልነግራት ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀች አነሳችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ በጉ አውርተን ዘጋን። ለሰው ያለኝን ንቀት ያን ሳምንት ከፋፍዬ ለራሴም ሰጠሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተሰበሰብን፤ ወንዶቹ ባንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ስጋው በሩዝ ላይ ሆኖ በትልልቅ ትሪ ቀረበ። ጀነት ስታስተናግድ ቆይታ መሀል ላይ ቆመች።

"ዘይኔ፣ ሳይበላ ዱዓ አድርግልኝ። ለሰዓድ ዕድሜ ለምኑለት።"

ትንሽ እንኳ ያቅማማል ብዬ ነበር። እጁን ዘረጋ። "ያ ረቢ፣ ለወንድማችን ለሰዓድ ረጅም ዕድሜ ስጠው።"

"አሚን" አለ ቤቱ።

"ጤና ስጠው። ሠርጉን አሳየን።"

"አሚን።"

ሙሜም አሚን አለ። አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ግን አለ። የኔ እጅ አልነሳ አለ። ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ጀነት አየችው።

"መሪማ፣ አሚን አትይም እንዴ?"

"አልልም።"

"ምነው እቴ? ሰዓድ ምን አደረገሽ?"

"ለሞተ ሰው ዕድሜ አይለመንም" አልኳት።

"ሙሜ፣ ሚስትህን ያዝ! አብዳለች!" ብሎ ዘይኔ ጮኸ። ሙሜ ከተቀመጠበት አልተነሳም። እኔ ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተነስቻለሁ። አልወደቀችም። ወንዶቹን አየች፤ ሁሉም ትሪውን ያያሉ። ሴቶቹን አየች፤ አንዷ ማልቀስ ጀምራለች። ያኔ ገባት።

"እናቴ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ሦስት ዓመት ሆናት።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

"መኪናው ውስጥ ሳዋራሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ነገ እኮ ልፈርም ነው" አለች ቀስ ብላ። "ዓይኗ የደከመ እናቴን ሰዓድ አላት ብዬ ልፈርም ነበር።"

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ትሪውን አየችው።

"በሉ፣ ስጋው ለሰዓድ ሰደቃ ይሁንለት። ዱዓውን ድገሙት፤ አሁን የሞተ ሰው ዱዓ አድርጉለት።"

ዘይኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ እጁን መዘርጋት ጀመረ።

"አንተ ተው" አለችው። "ያንተን ሰማሁት።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "መሪማ፣ አንቺ አድርጊለት።"

እጄን ዘረጋሁ። "ያ ረቢ፣ ሰዓድን" አልኩ። ለሰው ሁሉ ቃል የማያጣው አፌ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልወጣው አለ። ጀነት ሁለት እጇን እንደዘረጋች፣ አሚን ልትል፣ ትጠብቀኝ ነበር።