ገጽ አርባ አንድ

ብርቅዬ ቱላ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ዲግሪዋን በርቀት ልትማር ተመዘገበችና የካልኩለስ ሞጁል ተሰጣት። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ገጽ አርባ አንድ ላይ ተገትራ ቀረች።

ጥያቄው አጭር ነበር። ላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ፣ ታች ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፤ ኤክስ ወደ ሦስት ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? ሠራችው፤ ስድስት መጣላት። ከሞጁሉ ጀርባ ያለው መልስ ግን ዜሮ ይላል። በአዲስ ወረቀት ደግማ ሠራችው፤ ያው ስድስት።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ተራ የመቀነስ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠራችና አጠፋችው፤ መልሳ ጻፈችና አሁንም አጠፋችው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ከሥራ ስትወጣ ከተማ፣ ፒያሳ ወረደች። አብሯት የተመዘገበው መምህር ሱሌይማን ከሰዓት በኋላ እዚያ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ ይጠብቃል።

«ዜሮ ነው» አላት ሳያመነታ። «ላይኛው ዜሮ ከሆነ አለቀ እኮ!»

«ታችኛውስ? እሱም ዜሮ ነው!»

«ታችኛው ዜሮ? ከየት አምጥተሽ?»

ልትመልስለት ስትል የመጋረጃ ጨርቅ የሚያስለኩ ሁለት ሴቶች ገቡ። ብርቅዬ ስትመጣ ከነበረው የባሰ ዞሮባት ወጣች።

ቅዳሜ ለርቀት ተማሪዎች በሚሰጠው ቱቶሪያል ላይ ጠየቀች። አስተማሪው ሰዓቱ ሄዶበት ስለነበር ሞጁሏን እንኳ ሳያይ «የመልሱን ገጽ ተከተሉ» ብሎ አለፋት። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ዜሮ እስኪመጣ ድረስ ቁጥሮቹን አጣመመቻቸው። እንደምንም መጣ። ያንን የተጣመመ አሠራር እንደ ዳዊት በቃሏ ስትሸመድድ በራሷ አፈረች፤ ተማሪ እንዲህ ሠርቶ ቢያመጣላት የስሕተት ኤክስ ነበር የምታደርግበት።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሱሌይማን ሱቅ ተቀምጠው ያጠኑ ጀመር። እሱ ከራሱ ሞጁል ጮክ ብሎ ያነባል። «ኤክስ ወደ ኔጌቲቭ ሦስት ሲጠጋ...»

«ምን አልክ?»

«ኔጌቲቭ ሦስት።»

ብርቅዬ ሞጁሉን ከእጁ ነጥቃ ከራሷ ጎን ዘረጋችው። የሱ ከሰው የተዋሰው የአምና እትም ነው። በእሷ ላይ ከሦስቱ ፊት ያለችው ማይነስ ሲታተም ወድቃለች።

ሱሌይማን በሣቅ ፈረሰ። «ይኸው፣ ልክ ነበርሽ! የእኔም ልክ፣ የአንቺም ልክ! ምነው፣ ደስ አይልሽም?»

ደስ አላላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልክ ሆና እንደ ጥፋተኛ ከርማለች። «ሌላ ቦታስ የወደቀ ካለ? እንግዲህ ከመጽሐፉና ከራሴ የቱን ልመን?» አለችው።

ብርቅዬ የጨርቁን መቀስ አነሳችና የመልሶቹን ገጾች ከሞጁሏ ቆርጣ ሰጠችው። «ፈተናው እስኪያልፍ አንተ ጋር ይቀመጡ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ልክ ይሁን ስሕተት የሚነግራት ሳይኖር ሠራች። አንዳንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሠርታ ሁለቱም አንድ ቦታ ሲያደርሷት ታልፈዋለች፤ ሲለያዩባት ደግሞ እንደዞረባት ትተኛለች። ፈተናውንም እንዲሁ ተፈተነች። ስትወጣ ባሏ ግዛቸው በር ላይ ጠብቆ «እንዴት ነበር?» ቢላት «እንጃ» አለችው፤ የምሯን ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ሱሌይማን ሲ፣ ብርቅዬ ቢ።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» አላት ሱሌይማን፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

«በየትኛው ጥያቄ እንዳገኘሁት ብትገድለኝ አላውቅም» አለችና፣ ለሚቀጥለው ኮርስ የሚመዘገቡት ሰዎች ሰልፍ ሳይረዝም ቶሎ እንዲሰለፉ ክንዱን ይዛ ጎተተችው።