አሥራ ሁለተኛው ሳጥን

ደግሞ እኮ ያነበዋል፣ የሚያበግነኝ ይሄ ነው፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ሳጥን ውስጥ፣ የፓምፑ ፍጥነት በሚቀመጥበት፣ 1450 ብዬ እጽፋለሁ፣ መልሼ ስጠይቀው 1450 ይለኛል፣ ፓምፑ ግን ንቅንቅ የለም። በደቂቃ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ጊዜ ዙር ብዬዋለሁ፣ እሺ ይላል፣ አይዞርም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ፓኔል ስር ተቀምጫለሁ፣ ላፕቶፑ ጭኔን ለበለበኝ፣ ሞጁሉ ከአንድ ሳሙና አይበልጥም፣ በኮምፒውተሩና በፓምፑ መካከል አስተርጓሚ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሬጅስተር የሚሏቸው ተራ ቁጥር ያላቸው ሳጥኖች አሉ፣ በየሳጥኑ አንድ አንድ ቁጥር፣ መጻፍና ማንበብ፣ የአንደኛ ክፍል ሥራ፣ እኔ ግን ይኸው።

ስልኩ። አለቃ ነው። እ፣ ተነሳ? አልተነሳም። ታዲያ ምን ልበላቸው፣ የላይ ሰፈር ሰው በሩን ሊሰብረው ነው እኮ! እየሠራሁ ነው ጌታዬ። እየሠራሁ ነው፣ እየሠራሁ ነው፣ እንደ በቀቀን። ላይ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ፣ እህቴ እዚያ ናት፣ የአሥራ አምስት ቀን አራስ፣ ልጁን በታሸገ ውሃ አጠብኩት አለችኝ ጠዋት፣ አልወቀሰችኝም፣ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና። አሥራ ሁለት፣ 1450፣ ጻፍ። አንብብ፣ 1450። ሂድ ወደዚያ!

ጋሽ ሽቦ ቢኖር። አይ፣ እሱን አታንሺ። ቅጥነቱ ነው ሽቦ ያሰኘው፣ ካቻቢቴ አያያዝ ሳይቀር ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አምና እንዲህ ያለ ሞጁል መጀመሪያ ሁለተኛው ፓምፕ ላይ ሲገጠም የሳጥኖቹን ዝርዝር ከመመሪያው ላይ እኔ ተየብኩ፣ እሱ ዝርዝሩን እያየ ሞላ፣ ፓምፑን በፓኔሉ ማብሪያ በእጅ አስነሳው፣ በሳምንቱ ጉድጓዱ ጎደለ፣ በአሥር ሰከንድ መቆም የነበረበት ፓምፕ ደረቁን ሃያ አራት ደቂቃ ዞሮ ተቃጠለ። ሪፖርቱን ማን ጻፈ? እኔ። የተሳሳተ ቁጥር በማስገባቱ፣ የኔው ቃል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ነው ያስገባሁት አለ፣ አንዴ ብቻ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው አሰናበቱት። ዓይኑ ደክሟል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ደክሟል፣ መነጽሩን እንኳ ግንባሩ ላይ ረስቶ ይፈልገው የለ።

በቃ፣ ሁሉንም በተራ ላንብብ፣ ከአንድ ጀምሮ፣ ኧረ ዜሮ ነካሁ፣ ይሁን፣ ዜሮ የሚባል ሳጥን ስለሌለ ስህተት ይለኛል። አላለኝም። መለሰ። የራሱን መለያ ቁጥር፣ መመሪያው አንደኛው ሳጥን ውስጥ ነው የሚለውን። ቆይ። ቆይ ቆይ። መመሪያው ከአንድ ይቆጥራል፣ ሞጁሉ ከዜሮ። እኔ አሥራ ሁለት ስለው እሱ የሚከፍተው የመመሪያውን አሥራ ሦስተኛ ነው፣ ስጽፍም እዚያ፣ ሳነብም እዚያ፣ ለካ ለዚህ ነው የሚያነብልኝ! አሥራ ሦስተኛው ምንድን ነው፣ መመሪያው የት ገባ፣ ይኸው፦ ፓምፑ ውሃ ሲያጣ ስንት ሰከንድ ጠብቆ ይቁም።

1450 ሰከንድ። ለስልሳ ሲካፈል። አታካፍይው፣ ታውቂዋለሽ።

ሃያ አራት ደቂቃ።

እጄ ይሠራል፣ እኔ የለሁም። አሥራ ሁለት ላይ አሥር ሰከንድ፣ አሥራ አንድ ላይ 1450፣ ጻፍ። ወለሉ ነዘረ፣ ሞተሩ አጓራ፣ የግፊቱ ቀስት ሽቅብ። አለቃ ደወለ፣ አንበሳ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር! ዘጋሁበት።

ጋሽ ሽቦ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። እኔ ነኝ ጋሼ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ ጋሼ፣ ዝርዝሩ አንድ ቁጥር ተዛንፎ ነበር፣ የኔ ዝርዝር፣ አንተ አልተሳሳትክም፣ የፍጥነቱ ቁጥር የሰከንዱ ቦታ ገብቶ ነው። አሁንስ፣ ሰከንዱን አስተካከልሽው? አስተካከልኩት። ጎሽ። ይቅርታ ልል ስል ቀደመኝ፣ የኔ ልጅ፣ እኔን በስልክ አይደለም ያባረሩኝ፣ በወረቀት ነው።

ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። አለቃ ቢሮ፣ ነይ ነይ ጀግናችን፣ ቁጭ በይ! አልቀመጥም። ምንድን ነው ይሄ? ያንብቡት ጌታዬ። ያነባል፣ ጥርሱ ቀስ እያለ ይከደናል። ይሄ ፋይል ውስጥ ከገባ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ገብቶሻል? ገብቶኛል። ውሃው መጥቷል፣ ሰውም ረስቶታል፣ ምን አስነሳሽ? እሱ አልረሳውም። ቅደጂው ነው የምልሽ! ማህተም ይምቱበት ነው የምለው። ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ እጁ መሳቢያው ላይ፣ አይከፍተውም፣ አይከፍተውም፣ እኔም አልወጣም።